ዊንዶውስም ኡቡንቱም የጠፋበት ላፕቶፕ፦ የቡትሎደር ጥገና ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ እጄ ገብቷል። ሲበራ የአምራቹ አርማ ይታያል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል የእንግሊዝኛ መልዕክት ይመጣል። በቃ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ዊንዶውስ 10 ነበረው። ልጅቷ የምትማረው ሜካትሮኒክስ ነው፤ ለመመረቂያ ሥራዋ ሮስ 2 ያስፈልጋታል። ሮስ ሮቦት የሚያሠሩ ፕሮግራሞች የሚጻፉበት ሶፍትዌር ነው። አማካሪዋ ያዘዟት እትም ሃምብል ይባላል፤ እሱ ደግሞ የተዘጋጀው ለኡቡንቱ 22.04 ነው፤ ኡቡንቱ ከሊኑክስ ቤተሰብ የሆነ፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ስለዚህ አንድ የክፍሏ ልጅ ከዊንዶውሱ ጎን ኡቡንቱን ሊጭንላት ተቀመጠ። መጫኑ ሊያልቅ ሲል አንድ የስህተት ሳጥን ብቅ አለ፤ ልጁ «ያለ ቡትሎደር ቀጥል» የሚለውን መርጦ አለፈው። ቡትሎደር ሲስተሙን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሪስታርት ሲያደርጉት ኡቡንቱም የለም፣ ዊንዶውስም የለም።

ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ጥገና ቤት ወስዳው ነበር። መልሱን ሳትነግረኝ አውቀዋለሁ። «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ።» ዳታውስ? «እሱን ኃላፊነት አንወስድም።» የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ፎርማት፤ ሲንቀራፈፍ ፎርማት፤ ድምፅ እምቢ ሲል ፎርማት። ሌላው ይሁን። ቡትሎደር የጠፋበትን ማሽን ፎርማት ማድረግ ግን አይገባኝም። የጠፋው ጥቂት ሜጋባይት ነው። አንዳንዴም ጭራሽ የጠፋ ፋይል የለም፤ የተቀየረው አንድ ቅንብር ብቻ ነው።

ዛሬ ዲስኩ ላይ ምንም አልጽፍም። ማየት ብቻ።

ቅዳሜ አመሻሽ

ኮምፒውተር ሲነሳ ሥራው ዱላ ቅብብል ነው። ማብሪያው ሲነካ ቀድሞ የሚነቃው ፈርምዌሩ ነው፤ በልማድ ባዮስ የምንለው። ፈርምዌሩ ለቡትሎደሩ ያቀብላል። ቡትሎደሩ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ሜሞሪ ላይ ጭኖ ያቀብለዋል። ከርነሉ የቀረውን ያስነሳል። ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው ዱላው ማን እጅ ላይ እንደወደቀ ነው።

ስክሪኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። «ግራብ» (የኡቡንቱ ቡትሎደር ስም ነው) የሚል ጽሑፍና የትዕዛዝ መጻፊያ ቢመጣ፣ ቡትሎደሩ ተነስቶ ቀጣዩን ፋይል አጥቷል ማለት ነው። የግራብ ዝርዝር መጥቶ ኡቡንቱ ሲመረጥ «ከርነል ፓኒክ» ቢል፣ ችግሩ ከግራብ ወዲያ ነው። የዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣም የዊንዶውስ አስነሺ ሥራውን ጨርሷል። እዚህ ላፕቶፕ ላይ ግን የሚታየው መልዕክት የፈርምዌሩ የራሱ ነው። ገና የመጀመሪያው ሯጭ ጋ ነን።

ፈርምዌር ለቡትሎደር የሚያቀብልበት ሁለት መንገድ አለው። ሰው የሚምታታበትም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አሮጌው መንገድ ሌጋሲ ይባላል። የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል፤ 512 ባይት ነው። ከዚያ ውስጥ ለማስነሻ ኮድ የተተወው 446 ባይት ነው። 64 ባይት ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየው የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ይወስዳል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ማረጋገጫ ፊርማ ናቸው። ግራብ በሙሉ በ446 ባይት ውስጥ አይገባም። እዚያ የምትቀመጠው የቀረው የት እንዳለ የምታውቅ ቁራጭ ኮድ ናት።

አዲሱ መንገድ ዩኢኤፍአይ ነው። እሱ በቀጥታ ፋይል ይከፍታል። ፋይሉ ያለው ኢኤስፒ በምትባል ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ነው፤ ፎርማቷ ፋት32 ነው፣ ዊንዶውስ 10 ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋባይት ይመድብላታል። የዊንዶውስ አስነሺ «ማይክሮሶፍት» በሚል ፎልደር፣ የኡቡንቱ ደግሞ «ኡቡንቱ» በሚል ፎልደር ይቀመጣል። ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አይነካኩም። የትኛው ይቅደም የሚለው ዝርዝር የተጻፈው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ሜሞሪ ነው።

የፈርምዌሩን ገጽ ከፈትኩ። የቡት ሁነታው ሌጋሲ ላይ ነው። ያልተፈረመ ፋይል እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡትም ጠፍቷል። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት በተሸጠ ላፕቶፕ ላይ ይህን ማየት አጠራጣሪ ነው። አንድ ሰው ቀይሮታል።

እዚያው ገጽ ላይ የሳታ ሁነታ የሚባል፣ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ የሚወስን ምርጫ አለ፤ ኤኤችሲአይ ወይም ሬይድ። አልተነካም፤ ተመስገን ነው። እሱ ቢቀየር ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ አቅቶት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣ ነበር። ያኔ ሌላ ታሪክ ነው።

የቡት ሁነታውን ብቻ ወደ ዩኢኤፍአይ መለስኩት። ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ተውኩት። ዊንዶውስ ሊነሳ ይችላል ብዬ ብገምትም ገና አልሞከርኩትም፤ መጀመሪያ ዳታው። የራሴን የኡቡንቱ 24.04 ፍላሽ ሰክቼ ከቡት ሜኑ እሱን መረጥኩ። «ጫን» ሳይሆን «ሞክር» የሚለውን።

ቅዳሜ ማታ

ከፍላሽ በተነሳው ኡቡንቱ መጀመሪያ የማየው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ አሁን የተነሳሁት በየትኛው መንገድ ነው? «ሲስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ «ፈርምዌር»፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካለ በዩኢኤፍአይ ነው የተነሳነው። ከሌለ በሌጋሲ ነው። በሌጋሲ ከተነሳ ፍላሽ የዩኢኤፍአይ ማሽን ልጠግን ማለት ድካም ብቻ ነው፤ የማዘርቦርዱን ዝርዝር ከዚያ ሆኖ መንካት አይቻልም። ፎልደሩ አለ። ጥሩ።

ቀጥሎ ዲስኮችንና ፓርቲሽኖችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስቢኤልኬን ፋይል ሲስተሞቹን እንዲያሳይ አድርጌ ጠራሁት። ዲስኩ ኤስዲኤ ነው፣ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ጂፒቲ፣ ከዩኢኤፍአይ ጋር የሚሄደው አዲሱ ዓይነት። ኤስዲኤ1 ፋት32፣ 100 ሜጋባይት፤ ኢኤስፒዋ ናት። ኤስዲኤ2 ማይክሮሶፍት የሚይዛት 16 ሜጋባይት። ኤስዲኤ3 ትልቁ ኤንቲኤፍኤስ፣ ማለትም ዊንዶውስ። ኤስዲኤ4 የዊንዶውስ ማገገሚያ። ኤስዲኤ5 ኢኤክስቲ4፣ አዲሱ ኡቡንቱ።

ሁሉም አሉ። አንዱም አልጎደለም።

ልጅቷ ከጎኔ ናት። «አጎቴ፣ ታዲያ ጠፍቷል ያሉኝ ምኑ ነው?» አለችኝ። የጠፋ የለም አልኳት። ፊቷ ላይ ደም ሲመለስ አየሁ።

ኤስዲኤ3 ላይ «ቢትሎከር» ሳይሆን ኤንቲኤፍኤስ የሚል መጻፉም እፎይታ ነው። ቢትሎከር ቢሆን ኖሮ ዲስኩ ተመስጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ የቡት ቅንብር ሲነካካ ዊንዶውስ 48 አሃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ ሰው ቁልፉ ማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ተቀምጦለት እንደሆነ እንኳ አያውቅም። የናንተ ማሽን እንዲህ ከሆነ ቁልፉን ወረቀት ላይ ሳትገለብጡ ምንም አትንኩ።

ኤስዲኤ3ን ስከፍት ለንባብ ብቻ ነው የተከፈተው። ምክንያቱ የዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ ነው። እሱ በርቶ ሳለ «ሻትዳውን» ስትሉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ከርነሉን ዲስክ ላይ አስተኝቶ ነው የሚሄደው። ሊኑክስም ይህን አይቶ እጁን ይሰበስባል። ትክክል ነው። ለመገልበጥ ማንበብ ይበቃኛል።

የመመረቂያ ፎልደሯን፣ ፎቶዎቿንና ዴስክቶፑን ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገለበጥኩ። ከዚያ አንዱን ፋይል ከኤክስተርናሉ ከፍታ እንድታየው አደረግኩ። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም።

ከዚህ በኋላ ፍላሹን ነቅዬ ሪስታርት። ዊንዶውስ 10 ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። ፎርማት ይደረግ የተባለው ማሽን ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት

ዊንዶውስ መጣ። ኡቡንቱ ይቀራል። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፦ ልጁ ለምን ወደ ሌጋሲ ቀየረው? ዝም ብሎ ፈርምዌር ውስጥ የሚገባ ሰው የለም። ልጅቷ ደወለችለት፣ ስፒከር ላይ አደረገችው። «ፍላሹ በመጀመሪያ እምቢ አለኝ፤ የሆነ የሴኪዩሪቲ ነገር ጽፎ ይጠፋል። ዩቲዩብ ላይ ሌጋሲ አድርግ ሲሉ አይቼ ነው» አለ።

ፍላሹ ቦርሳዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሴኪዩር ቡትን አብርቼ በዚያ ፍላሽ ለማስነሳት ሞከርኩ። ወዲያው «የሺም ኤስባት መረጃ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ የደህንነት ፖሊሲ ጥሰት» የሚል የእንግሊዝኛ መልዕክት ጽፎ ማሽኑ ጠፋ።

እንቆቅልሹ ተፈታ። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ፈርምዌሩ ያልተፈረመ ፋይል አያስነሳም። የሊኑክስ ግራብ በዚህ በር የሚያልፈው ሺም በምትባል ትንሽ፣ በማይክሮሶፍት ቁልፍ በተፈረመች ፕሮግራም በኩል ነው። ሺምና ግራብ ላይ በየጊዜው የደህንነት ቀዳዳ ይገኛል። ቀዳዳ ያለባቸውን የድሮ እትሞች አንድ በአንድ ከማገድ ይልቅ ኤስባት የሚባል የደረጃ ቁጥር ተፈጠረ። ከተወሰነ ደረጃ በታች የሆነ አይነሳም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2024፣ በእኛ ነሐሴ 7 ቀን 2016 የወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ ይህን ደረጃ ከፍ አድርጎታል። ያ ማሻሻያ ዊንዶውስ ብቻ ላለበት ማሽን የታሰበ ነበር፤ የልጅቷ ላፕቶፕ በወቅቱ ዊንዶውስ ብቻ ነበረው። የክፍሏ ልጅ ፍላሽ ላይ ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የመጀመሪያው የ22.04 እትም ነው። ሺሙ አሮጌ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ተመለሰ።

መፍትሔው አዲስ እትም ማውረድ ነበር። ጥቂት ጊጋባይት ዳታ ይበላል፣ አውቃለሁ። ቪዲዮው ግን ወደ ሌጋሲ ወሰደው። በሌጋሲ ሲነሳ ፍላሹ ያለ ምንም ጥያቄ ይሠራል፤ እዚያ ሴኪዩር ቡት የሚባል ነገር የለምና።

ከዚያ የመጣው ሳጥንም አሁን ግልጽ ነው። በሌጋሲ የተነሳ ጫኝ ግራብን በሌጋሲ መንገድ ነው የሚጭነው። ዲስኩ ግን ጂፒቲ ነው። ጂፒቲ ዲስክ ላይ ሌጋሲ ግራብ ለራሱ 1 ሜጋባይት የምታህል፣ ፎርማት የሌላት የባዮስ ቡት ፓርቲሽን ይፈልጋል። የለችም። «ግራብ-ኢንስቶል አልተሳካም፤ ይህ ከባድ ስህተት ነው» አለ። ልጁ ቀጥል አለው። ኡቡንቱ ሙሉ በሙሉ ተጭኗል፣ አስነሺ ብቻ ነው የሌለው። ፈርምዌሩ ደግሞ ሌጋሲ ላይ እንደቀረ ነው፤ ስለዚህ የዊንዶውሱን ፋይል ኢኤስፒ ውስጥ እያለ ሊያየው አልቻለም።

ልጁን አልወቅስም። የተከተለው ምክር እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ትክክል ነበር። አሁንም በየቪዲዮው ይደገማል፤ ከዩኢኤፍአይ ወደ ሌጋሲ መቀየር ነባር ዊንዶውስ ላለው ሰው ምን እንደሚያመጣ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

እሑድ ከሰዓት

አሁን ጥገናው። ሴኪዩር ቡትን እንዳበራሁት ተውኩት፤ የ24.04 ፍላሼ ሺም አዲስ ስለሆነ ያልፋል። አለፈም።

ቡት-ሪፔር የሚባል መሣሪያ አለ፤ በአንድ ቁልፍ ብዙ ነገር ያስተካክላል። የሚያወጣው ሪፖርት አሪፍ ነው። ጥገናውን ግን በእጄ ነው የምመርጠው። የትኛው እርምጃ የትኛውን ችግር እንደፈታ ይታየኛል፤ ነገ ቢበላሽም የት እንደምጀምር አውቃለሁ።

ሐሳቡ ይህ ነው፦ ከፍላሹ ሆኜ ዲስኩ ላይ ያለው ኡቡንቱ ውስጥ መግባት፣ ከዚያ ውስጥ ሆኖ ግራብን በዩኢኤፍአይ መንገድ መጫን።

ኤስዲኤ5ን «ኤምኤንቲ» በሚባል ፎልደር ላይ ማውንት አደረግኩ፤ ማለትም ይዘቱ በዚያ ፎልደር በኩል እንዲከፈት አገናኘሁት። በውስጡ «ቡት» ሥር «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር የለም፤ በሌጋሲ የተጫነ ስለሆነ አልተፈጠረም። ፈጠርኩትና ኤስዲኤ1ን እዚያ ላይ ማውንት አደረግኩ። ይህን በጥንቃቄ። ኤስዲኤ1 የዊንዶውስም ናት፤ ማውንት ትደረጋለች እንጂ ፎርማት አትደረግም። ኢኤስፒን «ንጹህ ላድርጋት» ብሎ ፎርማት ያደረገ ሰው የዊንዶውሱንም አስነሺ አብሮ ያጠፋል።

ከዚያ የፍላሹን «ዴቭ»፣ «ፕሮክ»፣ «ሲስ» እና «ረን» ፎልደሮች ወደ ውስጥ አሳለፍኩ። «ረን» ብዙ ጊዜ ይረሳል። ካልገባ ኢንተርኔት አድራሻ መፍታት አይቻልም፤ ኡቡንቱ ላይ የዲኤንኤስ ፋይሉ ወደዚያ የሚያመለክት አገናኝ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ሲስ»ን በተለመደው ባይንድ ማሳለፍ በውስጡ ለብቻው ማውንት የሆነውን፣ የማዘርቦርዱ የቡት ዝርዝር የሚነበብበትን «ኢኤፍአይቫርስ» አያመጣውም። ያኔ ግራብ-ኢንስቶል «ይህ ሲስተም የኢኤፍአይ ተለዋዋጮችን አይደግፍም» ይላል። ሰው ይህን አንብቦ ማሽኑ ዩኢኤፍአይ የለውም ብሎ ወደ ሌጋሲ ይመለሳል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። በውስጡ ያሉትን ማውንቶች ጭምር በሚያመጣው አርባይንድ ማሳለፍ ወይም ኢኤፍአይቫርስን ለብቻው ማውንት ማድረግ ይበቃል።

ሲኤች-ሩት ብዬ ገባሁ። አሁን የምጽፈው ትዕዛዝ የሚሠራው ዲስኩ ላይ ባለው ኡቡንቱ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ራውተሩ ጠፋ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። የስልኬን ሆትስፖት ከፈትኩ። የሚወርደው ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ካርዱ አያልቅም። ባትሪው ከግማሽ በታች ቢሆን ኖሮ ግን እዚህ ላይ አቆም ነበር፤ ቡትሎደር እየተጻፈ ማሽን እንዲጠፋ ማንም አይፈልግም።

የፓኬጆቹን ዝርዝር አሳደስኩ፤ ከዚያ የግራብን የኢኤፍአይ እትም፣ የተፈረመውን ግራብና የተፈረመውን ሺም ጫንኩ። ጫኙ የሌጋሲውን ግራብ ላወጣው ነው አለ። ይሁን። ከኢንተርኔት ማምጣቴ ሌላም ጥቅም አለው፦ ከአሮጌው ፍላሽ የመጣው የድሮ ሺም በአዲሱ ይተካል፣ የኤስባት በርም አይዘጋበትም።

ቀጥሎ ግራብ-ኢንስቶል። ሦስት ነገር ነገርኩት፦ ዒላማው 64 ቢት ኢኤፍአይ ነው፣ ኢኤስፒዋ «ቡት ኢኤፍአይ» ላይ ናት፣ ስሙ ኡቡንቱ ይሁን። «ተጠናቋል፤ ምንም ስህተት የለም» አለ። ኢኤስፒ ውስጥ ገብቼ አየሁ። «ማይክሮሶፍት» እንዳለ ነው፤ ከጎኑ «ኡቡንቱ» ተፈጥሯል፤ ውስጡ ሺም፣ ግራብና ግራብ የት እንደሚሄድ የምትነግር አጭር የቅንብር ፋይል አሉ።

አፕዴት-ግራብ ስል የኡቡንቱን ከርነል አገኘ። ዊንዶውስን ግን አልጠራም። «ኦኤስ-ፕሮበር አይሠራም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው የጻፈው። ይህ ብልሽት አይደለም። ከግራብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር ለደህንነት ሲባል ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የግራብ ዋና ቅንብር ፋይል ውስጥ «ኦኤስ-ፕሮበር ይጥፋ» የሚለውን መስመር «አይደለም» በሚል አስገባሁ፤ እንደገና አፕዴት-ግራብ። አሁን «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር ኤስዲኤ1 ላይ ተገኝቷል» አለ።

አንድ ቀረ። ኤፍኤስታብ፣ ማለትም ሲስተሙ ሲነሳ የትኛው ፓርቲሽን የት ይግባ የሚለው ፋይል፣ ኢኤስፒን አያውቃትም። ዛሬ ባይጻፍም ማሽኑ ይነሳል። ነገ ግን ግራብ ወይም ሺም ሲሻሻል አዲሱን ፋይል ኢኤስፒ ላይ ማስቀመጥ ያቅተዋል። የኤስዲኤ1ን አጭር መለያ ቁጥር ወስጄ አንድ መስመር ጨመርኩ።

እሑድ ማታ

ወጣሁ፣ ማውንቶቹን ፈታሁ፣ ፍላሹን ነቀልኩ፣ ሪስታርት።

በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ገባ። ግራብ የሚባል አልታየም።

ልጅቷ ተስፋ ቆረጠች። እኔ ግን የዊንዶውስ መነሳት ራሱ መረጃ ነው፦ ፈርምዌሩ በዩኢኤፍአይ እየሠራ ነው፣ ኢኤስፒዋን እያነበበ ነው፣ የመረጠው ግን ሌላውን ፋይል ነው። ከአምራቹ የቡት ሜኑ ገባሁ። ኡቡንቱ ተዘርዝሯል። መረጥኩት፤ የግራብ ዝርዝር መጣ፤ ኡቡንቱ ተነሳ። ስለዚህ የጫንኩት ሁሉ ደህና ነው። የቀረው ተራ ብቻ ነው።

ኡቡንቱ ውስጥ ሆኜ የቡት ዝርዝሩን የሚያሳየውን ኢኤፍአይቡትኤምጂአር ጠራሁ። ግራብ-ኢንስቶል ኡቡንቱን ፊት አስቀምጦት ነበር፤ አሁን ሲታይ ዊንዶውስ ፊት ነው። መልሼ ኡቡንቱን አስቀደምኩ። ሪስታርት። እንደገና ዊንዶውስ።

ማለት ፈርምዌሩ ራሱ ተራውን ይመልሰዋል። እንዲህ የሚያደርጉ ላፕቶፖች ብዙ ናቸው፤ የዚህኛውን አምራች ስም አልጠራም። የፈርምዌሩ ገጽ ውስጥ ገባሁ። የቡት ተራ በሚለው ሥር «የሲስተም ቡት ማናጀር» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ስታዩት አንድ ነገር ይመስላል። ላዩ ላይ ሆኜ ኢንተር ስጫን ሌላ ትንሽ ዝርዝር ከፈተ፤ ዊንዶውስና ኡቡንቱ እዚያ ተደብቀዋል። ኡቡንቱን ወደ ላይ አወጣሁ፣ ሴቭ።

ግራብ መጣ። ኡቡንቱ ይነሳል። ዊንዶውስም ከዝርዝሩ ይነሳል።

ይህ ምርጫ በፈርምዌሩ ውስጥ ባይኖር ሌላ መንገድ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ በአስተዳዳሪ መብት የዊንዶውስን የቡት ቅንብር የሚቀይረውን ቢሲዲኤዲትን ከፍቶ የቡት ማናጀሩን መንገድ ወደ ኡቡንቱ ሺም ማዞር። ይሠራል፤ ግን በመጨረሻ የምሞክረው ነው። አንዳንዶች የሚመክሩት ሦስተኛ መንገድ አለ፦ የዊንዶውስን አስነሺ ፋይል ስም ቀይሮ ግራብን በእሱ ስም ማስቀመጥ። ይህን አታድርጉ። ዊንዶውስ ሲሻሻል ፋይሉን መልሶ ይጽፈዋል፤ ያኔ ማን ማንን እንደሚያስነሳ ራሳችሁም አታውቁም።

ሰኞ

የማረጋገጫ ቀን። ኡቡንቱ ውስጥ ሞክዩቲልን ጠይቄ ሴኪዩር ቡት መብራቱን አየሁ። በርቷል። ምንም ሳይጠፋ ሁለቱም ይነሳሉ።

ዊንዶውስ ውስጥ ገብቼ ፋስት ስታርትአፕን አጠፋሁ። ሁለት ሲስተም ባለበት ማሽን ይህ ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ዊንዶውስ ተኝቶ ሳለ ኡቡንቱ ዲስኩ ላይ ቢጽፍ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ማሽኑ ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል፤ ኤስኤስዲ ላይ ብዙም አይታወቅም።

ላፕቶፑን መለስኩላት።

ሐሙስ

ደወለች። «አጎቴ፣ ኡቡንቱ ደህና ነው። ዊንዶውስ ስገባ ግን ሰዓቱ ተበላሽቷል፤ ባትሪው ነው እንዴ?»

ስንት ሰዓት ወደ ኋላ እንደቀረ ጠየቅኳት። ሦስት ሰዓት አለች። ሦስት ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አይደለም። ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይጽፈዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ስድስት ሰዓት እየቀነስን ማንበብ የለመድን ሰዎች ነን፤ በላዩ ሌላ ሦስት ሲቀነስ ቀጠሮ ያመልጣል።

በስልክ አስጽፌያት ኡቡንቱ ላይ በታይምዴትሲቲኤል የማዘርቦርዱን ሰዓት ወደ አገር ሰዓት ቀየረች። ትዕዛዙ ይህን አትመርጡ ብሎ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለሚያደርጉ አገሮች። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ የለም፤ ማሽኑም ከአገር አይወጣም። ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱን አንዴ አስተካከለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ላይ አንድ ሆነ።

ዊንዶውስ 10 ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳበቃም ነገርኳት። ማሽኑ የሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። እሷ ዊንዶውሱን የምትፈልገው ለአንድ የሥዕል ሶፍትዌር ብቻ ነው። ኢንተርኔቱን ከኡቡንቱ እንድትጠቀም ተስማማን።

ከመዝጋቷ በፊት ሌላ ጥያቄ መጣ። ኡቡንቱ «24.04 ወጥቷል፤ አሻሽል» የሚል ሳጥን እያሳያት ነው። የሚመጣው ዕለታዊ ማሻሻያ ሁሉ ይግባ፣ ይህን ግን እለፊው አልኳት። ሃምብል የተዘጋጀው ለ22.04 ነው፤ የ22.04 መደበኛ ድጋፍም የሃምብል ድጋፍም እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ይቆያል። እሷ ደግሞ ከዚያ በፊት ትመረቃለች።

«ካልተመረቅኩስ?» አለችኝ እየሳቀች።

ያኔ በአዲስ ፍላሽ ነው የምንጭነው አልኳት፤ በዩኢኤፍአይ።